ጃክና ዝገቱ፦ የድምፅ መገጣጠሚያ ንጽሕና ታሪክ

ማይክራፎንን ከድምፅ ማጉያ፣ ቴፕን ከስፒከር፣ ጊታርን ከአምፕሊፋየር የሚያገናኝ ገመድ በሁለት ጫፉ ብረት አለው። ይህ ብረት ከሶኬቱ ብረት ጋር ተገጥሞ ድምፁን ያሳልፋል። ግጥሚያው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ማንም ልብ አይለውም። ብረቱ ሲዝግ ወይም ሲጠቁር ግን ድምፁ ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ጃኩን ነካ ሲያደርጉት ይመለሳል፤ ሲለቁት ይሄዳል። ድምፅ በሽቦ መጓዝ ከጀመረ ወዲህ ይህ ችግር ያልነበረበት ጊዜ የለም። ምክንያቱም አንድ ነው፦ የድምፅ ምልክት እጅግ ደካማ ስለሆነ ለመብራት ከሚበቃው ብረት የበለጠ ንጹሕ ብረት ይፈልጋል። የመገጣጠሚያዎቹ ቅርፅ፣ የሚለበጡበት ማዕድንና የሚጸዱበት መንገድ የተለዋወጡት ይህን ፍላጎት ለማሟላት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስልክ ማዞሪያ የወጣ ስም

በ1878 መጀመሪያ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ በኮኔቲከት ግዛት በምትገኘው ኒው ሄቨን ከተማ፣ የመጀመሪያው የንግድ የስልክ ማዞሪያ 21 ደንበኞችን ይዞ ሥራ ጀመረ። አንዱን ደንበኛ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ሰው ነበር። ደንበኞች በበዙ ቁጥር በአንድ ሰሌዳ ላይ ብዙ መስመሮችን በፍጥነት ማገናኘትና መለየት የሚያስችል ነገር አስፈለገ። የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ስክሪብነር ለዚህ የሚሆን መቀያየሪያ ሠራ። ቅርፁ የሚታጠፍ ሰንጢ ይመስል ስለነበር በእንግሊዝኛ የሰንጢ ስም በሆነው «ጃክናይፍ» ተጠራ። ቃሉ አጥሮ «ጃክ» ሆነ። ስክሪብነር በሕይወት ዘመኑ ከ400 በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል፤ ስሙ ከብዙዎች አእምሮ ቢጠፋም የሰየመው ዕቃ ግን ዛሬም በየሙዚቃ ቤቱና በየአዳራሹ በዚያው ስም ይጠራል። በእንግሊዝኛ ጃክ ማለት ሶኬቱ ነው፤ በአማርኛ ግን ቃሉ የገመዱን ጫፍም ጨምሮ ያዘ።

የስልክ ማዞሪያው ጃክ ውፍረቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልክ እስከ ዛሬ በጊታር፣ በኪቦርድና በሚክሰር ላይ አለ። የገመዱ ጫፍ ክብ ነሐስ ሲሆን በመካከሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ቁስ ተከፋፍሏል። ሹሉ አናት አንድ ክፍል ነው፤ ወፍራሙ አካል ሌላ ክፍል ነው፤ በሁለቱ መካከል ቀለበት ከተጨመረ ሦስት መስመር ይሆናል። ሶኬቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ምላስ የሚተጣጠፉ ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ጃኩ ሲገባ ምላሶቹ ተገፍተው ይከፈታሉ፤ ከዚያም በራሳቸው ኃይል ተመልሰው ጃኩን ይጫኑታል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም በዓይን አይታይም። ጃኩ በገባና በወጣ ቁጥር ምላሱ የነሐሱን ገጽ ይፍቀዋል፤ ሲፍቀውም ቀጭኑን ዝገት ያነሣዋል። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሲያገናኝ የሚውል ሰሌዳ ስለዚህ በከፊል ራሱን ያጸዳ ነበር። ችግር የሚያመጣው ለወራት ያልተነካው ቀዳዳ ነው። ይህ ሕግ ዛሬም አልተለወጠም፦ ብዙ የሚሠራበት ጃክ ያልቃል፣ የማይሠራበት ደግሞ ይዝጋል።

የስልክ መሐንዲሶች ሌላም ነገር አስተዋሉ። ከባትሪ የሚመጣ ኃይል የሚያልፍበት መገጣጠሚያ ቀጭን ዝገት ቢኖርበትም ይሠራል፤ ድምፅ ብቻ የሚያልፍበት መገጣጠሚያ ግን ይንጣጣል፣ ይዳከማል። ስለዚህ የድምፅ ምልክት ብቻ በሚሄድባቸው ረዣዥም መስመሮች ላይ ትንሽ ቋሚ የኤሌክትሪክ ፍሰት አብሮ እንዲያልፍ አደረጉ። ይህ ፍሰት ምንም ወሬ አይሸከምም፤ ሥራው የዝገቱን ቆዳ እየበሳ መንገዱን ለድምፁ ክፍት ማድረግ ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያ ከዚህ ታሪክ ጋር የተገናኘችው ቀደም ብላ ነው። የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው 1894 ሲሆን፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ከዚያ በኋላ በየከተማው በተከፈቱት የስልክ ማዞሪያዎች ኦፕሬተሯ የጃኩን ገመድ ስባ ከቀዳዳው ስትሰካ ሰው ከሰው ይገናኝ ነበር። ይህ በእጅ የማገናኘት ሥራ በብዙ ትናንሽ ከተሞች ለረዥም ዘመን ዘልቋል።

የመገጣጠሚያው ቤተሰብ እየበዛ ሲሄድ

በ1930ዎቹ የአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ የሸክላ ማጫወቻውን ከራዲዮው ጋር ለማገናኘት ትንሽና ርካሽ መሰኪያ ሠራ። ይህ መሰኪያ በኋላ ቀይና ነጭ፣ ከቪዲዮ ጋር ደግሞ ቢጫ ሆኖ በየቤቱ ገባ። ሲፈጠር የታሰበው በሣጥን ውስጥ አንዴ ተሰክቶ እንዲቀር ነበር። ስለዚህ የመፋቅ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ከቴሌቪዥን ጀርባ ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጥና ደብዝዞ ይገኛል።

በስቱዲዮና በመድረክ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ያስፈልግ ነበር። ጄምስ ካነን በ1915 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያቋቋመው ካነን ኤሌክትሪክ የተባለ ኩባንያ «ኤክስ» የተባለ ተከታታይ መሰኪያ ሠራ። ከዚያ ሲጎተት እንዳይወጣ መቆለፊያ ተጨመረለትና «ኤክስኤል» ተባለ፤ በመጨረሻም በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ላስቲክ ሲገባበት «ኤክስኤልአር» የሚለውን ስም ያዘ። ዛሬ የማይክራፎን ገመድ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ይጠቀማል።

ሦስተኛው ትንሹ ነው። 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ጃክ የስልክ ማዞሪያው ጃክ ታናሽ ወንድም ሲሆን ከኪስ ራዲዮ ጋር ተስፋፋ። ሶኒ በ1979 ዎክማንን ለገበያ ሲያቀርብ ይህን ጃክ የዓለም ወጣት ሁሉ አወቀው። የኤርፎን ጃክ ኪስ ውስጥ ይውላል፤ ላብ፣ አቧራና የጨርቅ ብናኝ ይሰበስባል። የሰው ላብ ጨው ስላለበት የተለበጠውን ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል።

በሁለት ብረቶች መካከል ያለው

ለስላሳ የሚመስል ብረት በጥልቀት ሲታይ ተራራና ሸለቆ አለው። ሁለት ብረቶች ሲነካኩ የሚገናኙት በተራሮቻቸው ጫፍ ላይ በሚገኙ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ይህን ነገር በሰፊው ያጠናው በ1879 የተወለደው ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ራግናር ሆልም ነው። በርሊን ውስጥ በሲመንስ ኩባንያ ሲሠራ ኤሌክትሪክ በእነዚህ ጥቃቅን ነጥቦች እንዴት ተጠባብቆ እንደሚያልፍ በስሌትና በሙከራ አሳየ። በ1946 በእንግሊዝኛ የታተመው ስለ ኤሌክትሪክ ግጥሚያዎች የጻፈው መጽሐፍ የዘርፉ መሠረት ሆነ። በስሙ የሚጠራው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ከ1953 ጀምሮ ይካሄዳል።

ነጥቦቹ በዝገት ሲሸፈኑ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት ነው። መዳብና ነሐስ በአየር ውስጥ ቡናማ ይሆናሉ፤ እርጥበትና ጨው ሲያገኛቸው አረንጓዴ ያወጣሉ። ቡናማው የመዳብ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክን ጨርሶ አይከለክልም፤ ይልቁንም በአንድ አቅጣጫ ቀለል አድርጎ፣ በሌላው አቅጣጫ አስቸግሮ ያሳልፋል። በ1920ዎቹ ላርስ ግሮንዳል የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ጠባይ ተጠቅሞ ከመዳብ ሳህን ላይ የኃይል መለወጫ ሠርቶበታል። በጃክ ላይ ሲሆን ግን ይኸው ጠባይ ድምፁን ያዛባል። የተበላሸ ግጥሚያ ያለው አምፕሊፋየር አንዳንዴ በአቅራቢያው ያለውን የራዲዮ ጣቢያ ሳይጠሩት የሚያሰማውም ስለዚህ ነው፦ የዛገው ነጥብ ራሱ እንደ ራዲዮ ተቀባይ ሆኗል።

ብር ደግሞ ኤሌክትሪክን ከብረቶች ሁሉ የተሻለ ያሳልፋል፤ ጠላቱ በአየር ውስጥ ያለው ድኝ ነው። የድኝ ጋዝ ሲነካው ይጠቁራል። አሮጌ የብር መስቀል ወይም የአንገት ሐብል የሚጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቆርቆሮ ርካሽ ነው፤ ንዝረት ሲያጋጥመው ግን በየጊዜው አዲስ ገጹ እየተፋቀ ይዝጋል፤ የሚፋቀውም ብናኝ በነጥቦቹ መካከል ይከማቻል። ኒኬል ጠንካራ ነው፤ ቆዳውም ጠንካራ ስለሆነ በኃይል መጫን ይፈልጋል። ወርቅ አይዝግም። ቢሆንም በመዳብ ላይ በጣም ሳስቶ ከተቀባ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ከሥሩ ያለው መዳብ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በመካከል ኒኬል ይደረግበታል። የወርቅ ጃክ ከቆርቆሮ ሶኬት ጋር ሲገጠምም ቆርቆሮው ቶሎ ይበላሻል፤ ወርቅ ከወርቅ፣ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጋር ማድረግ ይሻላል።

ድምፅ ይህን ያህል የሚቸገርበት ምክንያት በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የግድግዳ ሶኬት 220 ቮልት አለው። ተራ ማይክራፎን ሰው ሲናገርበት የሚያወጣው ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ቮልት ገደማ፣ ማለትም የአንድ ቮልት ሺሕኛ ነው። የግድግዳው ኃይል ቀጭኑን ዝገት እንደ ወረቀት በስቶት ያልፋል፤ የማይክራፎኑ ምልክት ግን ከዝገቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ከ1966 ጀምሮ የተስፋፋው ለስቱዲዮ ማይክራፎኖች በዚያው ገመድ 48 ቮልት የመላክ አሠራርም ችግሩን አላስወገደውም። ገመዱ ሲነቃነቅ ይህ ኃይል በተበላሸው ግጥሚያ ላይ ይቆራረጣል፤ መቆራረጡም በስፒከሩ ላይ ከባድ መንጣጣት ሆኖ ይሰማል።

ከመፋቅ ወደ መርጨት

የመጀመሪያዎቹ ማጽጃዎች ከቤት የመጡ ነበሩ። የነሐስ ጃኮች ጨርቅና የብረት ማወልወያ ይዞ በሚቀመጥ ሰው ይታሹ ነበር። በቀረጻ ስቱዲዮዎችም ጀማሪ ሠራተኛ የሰሌዳውን ገመዶች እየነቀለ ማወልወል የተለመደ ሥራው ነበር። ማወልወያው ቡናማውን ያነሣል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ደቃቅ ዱቄት በደንብ ካልተጠረገ ወደ ሶኬቱ ገብቶ ይቀራል። ሻካራ ወረቀት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የተለበጠውን ኒኬል ወይም ብር ይፍቅና ከሥሩ ያለውን ነሐስ ያጋልጠዋል። ጃኩ ያን ቀን ያበራል፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ከበፊቱ ብሶ ይጠቁራል።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈሳሽ ማጽጃዎች ቦታቸውን ያዙ። ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባለው ፈሳሽ ቅባትን በደንብ ያሟሟል፣ እሳት አይይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ በልብስ ማጠቢያ፣ በእሳት ማጥፊያና በራዲዮ ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ ሁሉ ይገኝ ነበር። ጉበትና ኩላሊትን እንደሚጎዳ ግን በግልጽ ታወቀ፤ አሜሪካ በ1970 ለቤት አገልግሎት በሚሸጡ ዕቃዎች ውስጥ እንዳይገባ ከለከለችው። ጉዳቱን ሳያውቁ በጠባብ ክፍል ተቀምጠው ለዓመታት ያሸተቱት ባለሙያዎች የዚህ ታሪክ አሳዛኝ ክፍል ናቸው።

ሌላው ለውጥ የመጣው ከጣሳው ነው። ኖርዌያዊው መሐንዲስ ኤሪክ ሮትሃይም በ1920ዎቹ የፈለሰፈው የሚረጭ ጣሳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሰፊው መመረት ሲጀምር ማጽጃው ጣት በማይደርስበት ሶኬት ውስጥ መግባት ቻለ። በ1953 በሳንዲዬጎ የሚሳኤልን ገላ ከዝገት ለመጠበቅ የተሠራው ደብልዩዲ-40 በ1958 በጣሳ ለሕዝብ ቀረበ። በየጋራዡ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ጃክ ላይም ይረጨዋል። ውኃን ይገፋል፣ ቅባት ያስቀራል፤ የተሠራው ግን ለድምፅ ግጥሚያ አልነበረም፤ የሚያስቀረው ቅባትም አቧራ ይሰበስባል። ለኤሌክትሪክ ግጥሚያዎች ተብለው የተሠሩ ማጽጃዎች ሌላ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ቅባት ሳያስቀሩ ይተናሉ፤ ሌሎቹ ኦክሳይዱን አሟሙተው ዝገትን የሚከላከል በጣም ስስ ሽፋን ይተዋሉ።

ከቶሎ ተናኞቹ ውስጥ ፍሪዮን 113 ለረዥም ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪው ምርጫ ነበር። ይህ ኬሚካል ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ከታወቀ በኋላ፣ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በያገሩ ምርቱ እየቀረ ሄደ። ቦታውን ከያዙት መካከል ርካሹና በየፋርማሲው የሚገኘው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። አልኮል ቅባትን፣ ላብንና አቧራን ያነሣል። ኦክሳይድን ራሱን ግን አያሟሟም፤ ስለዚህ ከእሱ ጋር የመፋቅ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል።

የአሲድ መንገድም ከጥንት የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ እናቶች የነሐስ ዕቃን በሎሚና በአመድ እያሹ ሲያወልውሉት ኖረዋል። የሎሚው አሲድ የመዳብን ኦክሳይድ ያሟሟል፤ አመዱ ይፍቃል። በጃክ ላይ ግን ይህ ዘዴ አደገኛ ነው። ትሪ በውኃ ይታጠባል፤ ሶኬት ግን አይታጠብም። ውስጡ የቀረው አሲድም ሥራውን ሳያቆም ብረቱን ይበላዋል።

ሞንታርቦ፣ ቴፕና ክረምት

አማርኛ ትልቅ ድምፅ ማጉያን «ሞንታርቦ» የሚለው በአንድ ጣሊያናዊ አምራች ስም ነው። ስሙ የዕቃው ዓይነት መጠሪያ ሆኖ በሠርግ፣ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት፣ በስብሰባና በኪነት መድረክ ይነገራል። የእነዚህ ዕቃዎች ኑሮ ከስቱዲዮ ዕቃ ኑሮ በጣም የተለየ ነው። ድንኳን ሥር፣ ሣር ላይ፣ በጭቃ ዳር ይዘረጋሉ። በጥምቀት ሰሞን በአቧራ፣ በክረምት በእርጥበት ይውላሉ። ሥራው ሲያልቅ ገመዱ እንደረጠበ ተጠቅልሎ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ በሚቀጥለው በዓል ሲወጣ ጫፉ አረንጓዴ ይዞ ይገኛል።

የቤት ቴፕም የራሱ ብልሽት ነበረው። ቴፑ የኤርፎን ቀዳዳ ካለው፣ ድምፁ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ባሉት ምላሶች በኩል ነው። ኤርፎን ሲሰካ ምላሶቹ ተለያይተው ስፒከሩን ዝም ያሰኛሉ፤ ሲነቀል ተመልሰው ይገናኛሉ። ቀዳዳው ለዓመታት ሳይነካ ሲቀር ምላሶቹ ይዝጋሉ፤ ያኔ የቴፑ አንዱ ወገን ይንጣጣል፣ ቀስ በቀስም ዝም ይላል። ባለቤቱ ስፒከሩ ተቃጠለ ብሎ ያስባል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ግን የመበየጃ ካውያ ሳያሞቅ፣ ክዳን ሳይፈታ፣ አንድ የኤርፎን ጃክ ከመሳቢያው አውጥቶ አሥር ጊዜ ያህል ይሰካውና ይነቅለዋል። ምላሶቹ ይፋቃሉ፤ ድምፁ ይመለሳል። የጥንቱ የስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ ራሱን ያጸዳበት መንገድ ይኸው ነበር። ሚክሰርና አምፕሊፋየር ላይ ያሉ ብዙ ቀዳዳዎችም እንዲህ ያለ ምላስ ስላላቸው፣ ምላሱ ሲዝግ ምንም ነገር ባይሰካባቸውም ድምፅ ያቋርጣሉ።

የተሟላው አሠራር

ከዚህ ሁሉ ዘመን የተረፈው ልማድ ጥቂት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ የሚንጣጣው የት እንደሆነ ይለያል። ጃኩ በቀዳዳው ውስጥ ሲዞር ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ ችግሩ የገጽ ዝገት ነው። ገመዱ አንገቱ ላይ ሲታጠፍ የሚንጣጣ ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል ወይም የተበየደው ሊድ ለቅቋል፤ ይህን ማጽጃ አያድነውም። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንጣጣ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የዚያ ቁልፍ ውስጠኛ ክፍል ነው።

ቀጥሎ ኃይሉ ይጠፋል፤ 48 ቮልቱም ካለ ይዘጋል። ጃኩ በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ተይዞ እየዞረ ይታሻል፤ ጨርቁ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም ድረስ ይደገማል። ለሶኬቱ ውስጥ ስስ ጨርቅ የተጠቀለለበት ጃክ ወይም በቀጭን እንጨት ላይ የተጠመጠመ ጥጥ ያገለግላል። ጥጡ ክር እንዳይተው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዚያ ጃኩ በርከት ላለ ጊዜ ይሰካል፣ ይነቀላል። ፈሳሹ ተንኖ እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ኦክሳይድ የሚያሟሙ ማጽጃዎች የሚፈልጉት ጠብታ ብቻ ነው፤ የተረፈው ይጠረጋል። የተጣመመና የላላ ምላስ በጽዳት አይመለስም፤ ሶኬቱ መቀየር አለበት። ልባጡ ተፍቆ ነሐሱ የታየ ጃክም እንዲሁ።

ከጽዳቱ የሚበልጠው ግን አያያዙ ነው። ገመድ ደርቆ መጠቅለል፣ ጃክን በእጅ ላብ ከመያዝ ፕላስቲኩን መያዝ፣ ከበዓል እስከ በዓል የሚቀመጥ ዕቃን በደረቅ ቦታ ማኖር፣ የማይነቀለውንም መሰኪያ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነቅሎ መመለስ ዝገቱን ከመነሻው ይገታል።

በ2016 አንድ ታዋቂ የስልክ ሞዴል የኤርፎን ቀዳዳውን ካስቀረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለው 3.5 ሚሊ ሜትሩ ጃክ ከብዙ ስልኮች ላይ ጠፍቷል። ቦታውን የወሰደው የቻርጅ ቀዳዳ ግን ይበልጥ ጥቃቅን እግሮች አሉት፤ አቧራና ላብም ይገባበታል። ሽቦ የሌለው ማዳመጫም ቢሆን ቻርጅ የሚደረገው ሁለት ብረቶች ተነካክተው ነው። ማይክራፎን፣ ጊታርና ሞንታርቦ ደግሞ ከጃካቸው ገና አልተለዩም። በእነዚህ ሁሉ ላይ ነሐሱ ሲደበዝዝ ድምፁ ይንጣጣል፤ ሲጸዳ ይጠራል።